ሉዊ ባሽልዬና የገበያ ዕድል ሒሳብ

ሴን ወንዝ ከባሕር በሚቀላቀልበት ስፍራ የተቆረቆረችው ለሃቭር በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከፈረንሳይ አገር ታላላቅ ወደቦች አንዷ ነበረች። ከባሕር ማዶ የመጣው ቡናና ጥጥ በዚያ ይራገፍ ነበር፤ ነጋዴውም መርከቡ ገና ሳይደርስ በጭነቱ ዋጋ ላይ ይዋዋል ነበር። ሉዊ ባሽልዬ በ1870 ዓ.ም. ማርች 11 ቀን የተወለደው በዚህች ከተማ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ አልፎንስ ባሽልዬ የወይን ጠጅ ነጋዴ ሲሆን፥ በለሃቭር የቬኔዙዌላ ምክትል ቆንስል ሆኖም ያገለግል ነበር፤ እናቱ ደግሞ የባንክ ባለቤት ልጅ ነበረች። ስለዚህ ልጁ የዱቤ፥ የወለድና የዋጋ ነገር እንግዳ ባልሆነበት ቤት ውስጥ አደገ ማለት ይቻላል።

በ1888 ዓ.ም. በካን ከተማ የሳይንስ ባካሎሬያ ፈተናውን አለፈ። በዚያ ዘመን በፈረንሳይ አገር በሒሳብ ትምህርት ከፍ ወዳለ ደረጃ ለመድረስ የሚመኝ ወጣት የተለመደው መንገዱ አንድ ነበር። ይኸውም ልዩ የመሰናዶ ትምህርት ተከታትሎ ወደ ኤኮል ፖሊቴክኒክ ወይም ወደ ኤኮል ኖርማል ሱፔሪየር በውድድር መግባት ነው። ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች የወጣ ሰው ዕውቀት ብቻ ሳይሆን የዕድሜ ልክ ወዳጆችንና ደጋፊዎችንም ይዞ ይወጣል። ለባሽልዬ ግን ይህ በር ገና ሳይከፈት ተዘጋ። በ1889 ዓ.ም. በጃንዋሪ ወር አባቱ፥ በሜይ ወር ደግሞ እናቱ ሞቱ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ወጣት የአባቱን ንግድ ተረከበ፤ እኅቱንና የሦስት ዓመት ሕፃን የነበረውን ታናሽ ወንድሙን የማሳደግ ኃላፊነትም በትከሻው ላይ ወደቀ። ብዙም ሳይቆይ የወታደርነት ግዴታው ደረሰ። ፓሪስ ገብቶ በሶርቦን ትምህርቱን የቀጠለው በ1892 ዓ.ም. ነው፤ ዕድሜው በዚያን ጊዜ 22 ነበር። ሌሎች በዚያ ዕድሜያቸው ከታላላቆቹ ትምህርት ቤቶች ተመርቀው ሲወጡ እርሱ ገና ጀማሪ ነበር።

በሶርቦን ከነበሩት መምህራን መካከል ፖል አፔል፥ ዦዜፍ ቡሲኔስክና አንሪ ፖዋንካሬ ይገኙ ነበር። ፖዋንካሬ በዘመኑ ከነበሩት የሒሳብ ሊቃውንት የላቀ ዝና ያለው ሲሆን፥ የዕድልን ሒሳብ ያስተማረ ከመሆኑም በላይ በዚሁ ትምህርት በ1896 ዓ.ም. መጽሐፍ አሳትሟል። ቡሲኔስክ የሙቀትንና የፈሳሾችን እንቅስቃሴ በሒሳብ የመረመረ ሊቅ ነበር። የባሽልዬ የኋላ ሥራ የሁለቱንም አሻራ የያዘ ነው። በተማሪነቱ ጊዜ ግን ይህን የሚጠቁም ምንም ምልክት አልታየም። የመጀመሪያ ዲግሪውን በ1895 ዓ.ም. ሲያገኝ ውጤቱ ዝቅ ያለ ነበር፤ በማዕርግ ከሚመረቁት ወገን አልነበረም። በ1897 ዓ.ም. በሒሳባዊ ፊዚክስ የምስክር ወረቀት ጨመረ። በእነዚህ የፈተና ውጤቶች ብቻ ቢመዘን፥ ለዶክትሬት ምርምር የሚታጭ ሰው አይመስልም ነበር።

ዛሬ ፋይናንስ በዩኒቨርሲቲ ከመጀመሪያ ዲግሪ እስከ ዶክትሬት የሚደርስ ራሱን የቻለ የትምህርት ክፍል ነው። የምርምር ዘዴ የሚያስተምሩ መምህራን፥ ጽሑፍ የሚያወጡ መጽሔቶች፥ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚመሩ አማካሪዎች አሉት። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከዚህ ሁሉ አንዱም አልነበረም። በፈረንሳይ አገር የሒሳብ አያያዝና የንግድ ሥራ በንግድ ትምህርት ቤቶች ይሰጥ ነበር። የኢኮኖሚ ትምህርት ከሕግ ፋኩልቲዎች ጋር ተጠግቶ ይኖር ነበር። የሳይንስ ፋኩልቲ ደግሞ የገበያን ነገር የደላሎች ጉዳይ እንጂ የሊቃውንት ጉዳይ አድርጎ አይመለከተውም ነበር። ባሽልዬ በሳይንስ ፋኩልቲ፥ በሒሳብ ሊቃውንት ፊት፥ ስለ ፓሪስ የገንዘብ ገበያ የዶክትሬት ጽሑፍ አቀርባለሁ ብሎ የተነሣው በዚህ ጊዜ ነው።

ጽሑፉ የሚመረምረው የመንግሥት ዕዳ ሰነድ የሆነውን ራንት ነው። ራንት ዋናው የሚመለስበት ቀን የሌለው፥ በመቶ ፍራንክ ላይ በዓመት 3 ፍራንክ ወለድ ለዘለዓለም የሚከፍል ሰነድ ነበር። ወለዱ በየሦስት ወሩ 75 ሳንቲም እየሆነ ይከፈላል። (ሳንቲም የሚለው ቃል ወደ አማርኛ የገባው ከዚሁ ከፈረንሳይኛው ነው።) ዋናው የማይመለስ በመሆኑ የሰነዱ ዋጋ በየዕለቱ በገበያው ይወሰናል። የፓሪሱ ነጋዴ ገንዘቡን ቆጥሮ ሰነዱን ወዲያው ከመረከብ ይልቅ በወሩ መጨረሻ የሚፈጸም ውል መዋዋል ይመርጥ ነበር። ዋጋው ይወጣል ብሎ የሚያምን ይገዛል፤ ይወርዳል የሚል ደግሞ የሌለውን ሰነድ ይሸጣል። በወሩ መጨረሻ ልዩነቱን ይተሳሰባሉ፤ ወይም የማቆያ ዋጋ ተከፍሎበት ውሉ ለሚቀጥለው ወር ይሸጋገራል።

ከዚህ ሌላ ፕሪም የሚባል ውል ነበር፤ ዛሬ ኦፕሽን የምንለው ነው። በዚህ ውል ገዢው ሰነዱን በተወሰነ ዋጋ ለመግዛት መብት ያገኛል እንጂ ግዴታ አይገባም። በመልስ መስጫው ቀን ዋጋው ከተስማማው ይረከባል፤ ካልተስማማው 50 ሳንቲም ወይም 25 ወይም 10 ሳንቲም መቀጫውን ትቶ ይሄዳል። የዛሬው ባለሙያ ልብ ሊለው የሚገባ ልዩነት አለ። በዛሬዎቹ ገበያዎች የመግዣው ዋጋ ተወስኖ መቀጫው ሲለዋወጥ፥ በያኔዋ ፓሪስ ግን መቀጫው የተወሰነ ነበርና ተዋዋዮቹ የሚከራከሩት በመግዣው ዋጋ ላይ ነበር። ገዢው በጣም ሊከስር የሚችለው መቀጫውን ብቻ ስለሆነ፥ ለዚህ መከታ ሲል ከተራው ውል ከፍ ያለ ዋጋ ይቀበላል። ምን ያህል ከፍ ያለ? ደላሎቹ ይህን በልምድ ያውቁት ነበር፤ በሒሳብ አስልቶ የነገራቸው ግን አልነበረም። ባሽልዬ የገበያውን ልማድ እስከ ጥቃቅኑ ድረስ የሚያውቅ ሰው መሆኑ ከጽሑፉ የመጀመሪያ ገጾች ይታያል። የእያንዳንዱን ውል ትርፍና ኪሳራ በመስመር እየሣለ ያሳያል።

በዚህ መስክ ፈጽሞ የመጀመሪያው ሰው አልነበረም። በ1863 ዓ.ም. ዡል ሬኞ የተባለ የፓሪስ ደላላ ረዳት ስለ ገበያ ዕድል ባሳተመው መጽሐፍ፥ የዋጋ መለያየት ከጊዜው ስኩዌር ሩት ጋር አብሮ እንደሚያድግ ከመዝገብ ላይ አስተውሎ ነበር። ሬኞ ያየውን ነገር አስተዋለ እንጂ ከመሠረቱ አላመነጨውም። ባሽልዬ የሠራው ይህን ነው።

የጽሑፉ መነሻ ሐሳብ ቀላል ይመስላል። በማንኛውም ሰዓት በገበያው ላይ የሚቆመው ዋጋ ገዢና ሻጭ የተስማሙበት ነው። አንዱ ይወጣል፥ ሌላው ይወርዳል ብለው በተቃራኒ ቢያምኑም፥ ገበያው በጠቅላላው ከዚያ ዋጋ በላይም ሆነ በታች አያምንም፤ የሚያምን ቢሆን ኖሮ ዋጋው ሌላ ይሆን ነበርና። ስለዚህ የነጋዴው ትርፍና ኪሳራ እንደየዕድላቸው መጠን ተመዝነው ሲደመሩ ውጤታቸው ዜሮ ነው። ይህ አነጋገር በ1900 ዓ.ም. ለብዙዎች እንግዳ ነበር። ጋዜጦች በየቀኑ ስለ ነገው ዋጋ ትንቢት ይጽፉ ነበርና፥ ነገን ማወቅ አይቻልም፥ ነገር ግን አለማወቃችንን ራሱን መለካት ይቻላል የሚል ሰው አልተለመደም ነበር።

ከዚህ ተነሥቶ የሚቀጥለውን ጥያቄ ያቀርባል። ዛሬ ዋጋው ይህን ያህል ከሆነ፥ ከአንድ ወር በኋላ በዚህ ወይም በዚያ ዋጋ ላይ የመገኘቱ ዕድል ስንት ነው? ለመመለስ ጊዜውን በሁለት ይከፍለዋል። ዋጋው በመጀመሪያው ግማሽ አንድ ስፍራ ይደርሳል፤ ከዚያ ስፍራ ተነሥቶ በሁለተኛው ግማሽ ወደ ሌላ ይሄዳል። በመካከል ሊያርፍባቸው የሚችሉትን ስፍራዎች ሁሉ ደምረን የምናገኘው የዕድል ሕግ፥ ለሙሉው ጊዜ ከሚያገለግለው ሕግ ጋር መስማማት አለበት። ይህን ቅድመ ሁኔታ የሚያሟላ ሕግ ሲፈልግ የደወል ቅርጽ ያለውን የጋውስን መስመር አገኘ፤ የመስመሩም ስፋት ከጊዜው ስኩዌር ሩት ጋር እንደሚያድግ አሳየ። በተግባር ትርጉሙ ይህ ነው፤ በዕለቱ ዋጋ ለመግዛት መብት የሚሰጥ የአራት ወር ውል ከአንድ ወሩ አራት እጥፍ ሳይሆን ሁለት እጥፍ ብቻ ያወጣል። የኦፕሽን ዋጋ ከሒሳብ ሕግ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ሁለተኛው መንገዱ ከፊዚክስ የመጣ ነው። አንዱ ዋጋ በአጭር ጊዜ ውስጥ ለጎረቤቱ ዋጋ ከዕድሉ ያካፍለዋል፤ የሚያካፍለውም በሁለቱ ዕድሎች ልዩነት መጠን ነው። ይህ ደግሞ በአንድ ጫፉ የተሞቀ ብረት ሙቀቱን ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ የሚያዛምትበት ሕግ ነው። ባሽልዬ ነገሩን የዕድል ጨረር ብሎ ጠራው፤ እኩልዮሹም ፉሪዬ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ለሙቀት ያወጣው ሆኖ ተገኘ። የገበያው ዋጋና የጋለው ብረት አንድ ዓይነት ሒሳብ የሚታዘዙ መሆናቸው የታወቀው እዚህ ላይ ነው። አልበርት አንስታይን በፈሳሽ ውስጥ የሚዋኙ ጥቃቅን ቅንጣቶችን እንቅስቃሴ አስመልክቶ ወደ ተመሳሳይ ሕግ የደረሰው በ1905 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ከባሽልዬ አምስት ዓመት ዘግይቶና ስለ እርሱ ሥራ ሳያነሣ ነበር።

በመጨረሻው ክፍል ዋጋው ከተወሰነው ጊዜ በፊት አንድ ወሰን ላይ የመድረሱ ዕድል ምን ያህል እንደሆነ ይመረምራል። ውጤቱ አእምሮን የሚያረካ ነው። ዋጋው በወሩ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ወሰኑን የመንካቱ ዕድል፥ በወሩ መጨረሻ ከወሰኑ በላይ ሆኖ የመገኘቱ ዕድል እጥፍ ነው። ምክንያቱም ወሰኑን ከነካ በኋላ ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች የመሄዱ ዕድል እኩል ነውና፥ ከነኩት መካከል ግማሹ ብቻ በላይ ሆኖ ይቆያል። ይህን ሁሉ ካወጣ በኋላ ከ1894 እስከ 1898 ዓ.ም. ከነበረው የራንት ዋጋ ጋር አነጻጸረው። ስሌቱና መዝገቡ እምብዛም አልተራራቁም። ዛሬ የምርምር ተማሪ ሞዴሉን በመረጃ እንዲፈትን የሚጠየቀው ደንብ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ፥ ማንም ሳይጠይቀው፥ ተፈጽሞ ይገኛል።

ጽሑፉ ለክርክር የቀረበው በ1900 ዓ.ም. ማርች 29 ቀን ነው። ፈታኞቹ አፔል፥ ፖዋንካሬና ቡሲኔስክ ነበሩ። በደንቡ መሠረት ተማሪው ከራሱ ጽሑፍ ሌላ ፋኩልቲው በሚሰጠው ሁለተኛ ርእስ መመርመር ነበረበት፤ ለባሽልዬ የተሰጠውም ድቡልቡል አካል በፈሳሽ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ስለሚገጥመው መከላከል፥ ማለት ቡሲኔስክ የሠራበት ጉዳይ ነበር። በዚህም አጥጋቢ መልስ ሰጠ።

ስለዚህ ቀን አንድ አፈ ታሪክ በየመማሪያ መጽሐፉ ሲዞር ኖሯል። ሊቃውንቱ ያልገባቸውን ጽሑፍ ንቀው ጣሉት፥ ፖዋንካሬም ተማሪውን አሳፈረው ይባላል። ፖዋንካሬ የጻፈው የፈተና ዘገባ ግን ይህን አይደግፍም። ርእሱ እጩዎች ዘወትር ከሚመርጡት የራቀ መሆኑን አንሥቷል፤ ይህ እውነት ነው። ሆኖም ባሽልዬ የጋውስን ሕግ ያወጣበትን መንገድ አዲስነት አድንቋል፤ ስለ ዕድል ጨረር የተነገረው ክፍል ከዚህም በላይ ሊስፋፋ ይገባ እንደነበርም አመልክቷል። ማለትም ታላቁ ሊቅ ከጽሑፉ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ገጽ የትኛው እንደሆነ ለይቶ አውቋል። ጽሑፉም በዚያው ዓመት የኤኮል ኖርማል ሱፔሪየር የሳይንስ መጽሔት ላይ ታትሟል፤ ይህ ለማንኛውም ጀማሪ ክብር ነው።

የጎዳው ሌላ ነገር ነው። የዶክትሬት ጽሑፍ ሁለት ዓይነት ማዕርግ ነበረው። ለዩኒቨርሲቲ ወንበር የሚያበቃው ከፍተኛው ማዕርግ በጣም የተከበረ የሚለው ሲሆን፥ ለባሽልዬ የተሰጠው ግን የተከበረ የሚለው ብቻ ነበር። የአንድ ቃል ልዩነት ነው፤ ነገር ግን በፈረንሳይ አገር የሒሳብ ወንበር የሚሰጠው በዚያች ቃል ነበር። ፈታኞቹን በክፋት መክሰስ ፍትሕ አይሆንም። የዕድል ሒሳብ በዚያ ዘመን ራሱን የቻለ የሒሳብ ክፍል ሆኖ አልተቆጠረም፤ ገበያ ደግሞ ፈጽሞ ርእስ አልነበረም። ጽሑፉ የተዳኘው በራሱ ሙያ ዳኞች አልነበረም፤ ሙያው ገና አልተወለደምና። እርሱን የመሰለ የመጀመሪያ ሰው ሥራውን የሚያስረክበው ክፍል የለውም።

ከ1900 ዓ.ም. በኋላ ባሉት ዓመታት ቋሚ ሥራ አላገኘም። ቢሆንም ጽሑፎችን ማውጣት አላቋረጠም፤ በ1906 ዓ.ም. ስለ ተከታታይ ዕድሎች ያሳተመው ጥናት ከእነዚህ ዋነኛው ነው። ከ1909 ዓ.ም. ጀምሮ በሶርቦን በነፃ አስተማሪነት የዕድልን ሒሳብና ለገንዘብ ገበያ የሚሰጠውን አገልግሎት አስተማረ። ስለ ፋይናንስ ሒሳብ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ከተሰጡት ትምህርቶች መካከል ይህ ከቀደምቶቹ አንዱ ሳይሆን አይቀርም። በ1912 ዓ.ም. ታላቁን የዕድል ሒሳብ መጽሐፉን አወጣ። በ1914 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ጨዋታ፥ ስለ ዕድልና ስለ አጋጣሚ ለሕዝብ የጻፈው መጽሐፍ ከስድስት ሺህ ቅጂ በላይ ተሸጠ። በዚያው ዓመት የፓሪስ ዩኒቨርሲቲ ምክር ቤት ሥራው ቋሚ እንዲሆንለት ደግፎት ነበር። ነሐሴ ሳይጠናቀቅ ግን አውሮፓ በጦርነት ተቀጣጠለች። የአርባ አራት ዓመቱ ዶክተር ተራ ወታደር ሆኖ ተጠራና እስከ 1918 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ በጦሩ ውስጥ ቆየ። ሲመለስ የሶርቦን ነገር የተረሳ ነበር።

በ1919 ዓ.ም. በቤዛንሶን የሌላ ፕሮፌሰር ምትክ ሆኖ ተቀጠረ። በ1920 ዓ.ም. ኦጉስቲን ዣን ማዮ የምትባል ሴት አገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተችበት። በ1922 ዓ.ም. ባለወንበሩ ፕሮፌሰር ሲመለስ ወደ ዲዦን፥ በ1925 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ሬን ተዛወረ። ከሃምሳ ዓመት ዕድሜው በላይ እንዲህ የሰው ወንበር እየጠበቀ ከከተማ ወደ ከተማ ይዞር ነበር።

በ1926 ዓ.ም. የዲዦን ወንበር ሲለቀቅ አመለከተ። በዚያ የነበረው ፕሮፌሰር ሞሪስ ዠቭሬ በባሽልዬ የ1913 ዓ.ም. ጽሑፍ ውስጥ ስሕተት ያየ መስሎት፥ ለዕድል ሒሳብ ሊቁ ለፖል ሌቪ ያችን ስፍራ አሳየው። ሌቪም ከጽሑፉ ተነጥላ የቀረበችለትን ቁራጭ ተመልክቶ ስሕተት ነው ሲል በጽሑፍ አረጋገጠ። በእርግጥ ባሽልዬ አንዳንድ ጊዜ ለራሱ ግልጽ የሆነውን ነገር ለአንባቢ ሳያብራራ ያልፍ ነበር፤ ይህ የአጻጻፉ ጉድለት ነው። ሙሉውን ሥራ ላነበበ ሰው ግን በዚያ ስፍራ የሚታየው ስሕተት ሳይሆን፥ ዋጋው በጥቃቅን ጊዜ የሚወስደውን እርምጃ በጊዜው ስኩዌር ሩት የሚለካበት የራሱ ዘዴ ነው። ሌቪ ሙሉውን አላነበበም። ወንበሩ ለሌላ ተሰጠ፤ ባሽልዬ የተፈረደበትን ሲያውቅ ክፉኛ ተቆጣ። አንድን የምርምር ሥራ በተቆረጠ ገጽ መዳኘት ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርስ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል፤ የሚያሳዝነውም ፈራጁ በዚያ ሙያ ከአገሩ ሁሉ የላቀው ሰው መሆኑ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት፥ በ57 ዓመቱ፥ ቤዛንሶን ቋሚ ፕሮፌሰርነት ሰጠችው። ጡረታ እስከወጣበት እስከ 1937 ዓ.ም. በዚያ አስተማረ። በ1931 ዓ.ም. የሩሲያው ሊቅ አንድሬ ኮልሞጎሮፍ ዛሬም የዕድል ሒሳብ መሠረት የሆነውን ጥናቱን ሲያሳትም፥ ከእርሱ በፊት በጊዜ ውስጥ ሳያቋርጥ የሚለወጥ ዕድልን የመረመረ ሰው ብሎ የባሽልዬን ስም ጠቀሰ። ሌቪ ይህን አንብቦ ወደ ጥንቱ ጽሑፍ ተመለሰ፤ በደሉንም ተረድቶ ለባሽልዬ የይቅርታ ደብዳቤ ጻፈለት። ሁለቱ ታረቁ። ለዲዦን ግን ጊዜው አልፎ ነበር። ባሽልዬ በ1938 ዓ.ም. ስለ ገበያና ስለ ዕድል ሒሳብ አንድ ትንሽ መጽሐፍ አሳትሞ፥ በወጣትነቱ ወደ ጀመረው ርእስ ተመለሰ። በ1946 ዓ.ም. ኤፕሪል 28 ቀን በብሪታኒ ባሕር ዳርቻ በምትገኘው በሳን-ሴርቫን በ76 ዓመቱ አረፈ። የተቀበረውም በትውልድ ከተማው አጠገብ በሳንቪክ ነው።

የኢኮኖሚ ሊቃውንት ስሙን ያወቁት ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። አሜሪካዊው የስታትስቲክስ ሊቅ ሊዮናርድ ሳቬጅ የ1914ቱን መጽሐፍ በቤተ መጻሕፍት አግኝቶ፥ ይህን ሰው ታውቁታላችሁን እያለ ለጓደኞቹ ፖስት ካርድ ላከ። ከተቀባዮቹ አንዱ የነበረው ፖል ሳሙኤልሰን የዶክትሬቱን ጽሑፍ በሚያስተምርበት በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ቤተ መጻሕፍት ፈልጎ አገኘው። በ1964 ዓ.ም. ፖል ኩትነር ስለ አክሲዮን ዋጋ ባዘጋጀው የጽሑፎች ስብስብ ውስጥ በጄምስ ቦነስ ተተርጉሞ በእንግሊዝኛ ወጣ። በዚህ ጊዜ ፋይናንስ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የምርምር ትምህርት መሆን ጀምሮ ነበር። ጅማሬው በዚያም ቢሆን ቀላል አልነበረም። ሃሪ ማርኮዊትስ የገንዘብ ክፍፍልን የሚመለከት የዶክትሬት ጽሑፉን በቺካጎ ሲያቀርብ፥ ሚልተን ፍሪድማን ይህ ኢኮኖሚ አይደለም ብሎ እንደተከራከረው ማርኮዊትስ ራሱ በኋላ ተርኳል። ልዩነቱ ማርኮዊትስ ማዕርጉን አለማጣቱና በ1990 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ለመቀበል በሕይወት መቆየቱ ነው።

ሳሙኤልሰን የባሽልዬን ሥራ ቢያደንቅም አንድ ጉድለት አገኘበት። የጋውስ መስመር ወደ ሁለቱም ወገን ያለ ወሰን ስለሚዘረጋ፥ በባሽልዬ ስሌት ዋጋ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። ለራንትና ለአንድ ወር ውል ይህ ዕድል ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ለአክሲዮንና ለረጅም ጊዜ ግን ያሳስባል። አክሲዮን የያዘ ሰው የሚከስረው ያለውን ብቻ ነውና። ስለዚህ ሳሙኤልሰን በፍራንክ የሚለካውን ለውጥ ትቶ በመቶኛ የሚለካውን ወሰደ፤ ዋጋውም ምንጊዜም ከዜሮ በላይ ሆኖ ቀረ። ፊሸር ብላክና ማይረን ሾልስ በ1973 ዓ.ም. ያሳተሙት የኦፕሽን ዋጋ ቀመር፥ እንዲሁም የሮበርት ማርተን ሥራ፥ የቆመው በዚህ በታረመው መሠረት ላይ ነው። በዚያው ዓመት በኤፕሪል ወር የቺካጎ ኦፕሽን ገበያ ተከፈተ። በ1997 ዓ.ም. ሾልስና ማርተን ለዚህ ሥራ ተሸለሙ፤ ብላክ በ1995 ዓ.ም. ሞቶ ነበር። በ1996 ዓ.ም. የፋይናንስ ሒሳብ ተመራማሪዎች ማኅበር ሲመሠርቱ ባሽልዬ ብለው ሰየሙት፤ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ጉባኤያቸውንም ጽሑፉ መቶ ዓመት በሞላው በ2000 ዓ.ም. በፓሪስ አደረጉ።

ስለ ታረመው ጉድለት ግን የመጨረሻው ቃል ገና አልተነገረም ነበር። የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. የተቀማጭ ወለዱን ከዜሮ በታች ባወረደ ጊዜ፥ የወለድ ኦፕሽን የሚሠሩ ባንኮች በመቶኛ ላይ የተመሠረተው ቀመር አሉታዊ ቁጥር አልቀበልም ስላላቸው ወደ ጥንታዊው ስሌት መመለስ ግድ ሆነባቸው። በ2020 ዓ.ም. ኤፕሪል 20 ቀን ደግሞ፥ ወረርሽኙ የነዳጅ ፍላጎትን አጥፍቶ ማጠራቀሚያው ሁሉ በመሙላቱ፥ በአሜሪካ ለሜይ ወር የሚረከብ አንድ በርሜል ድፍድፍ ዘይት ከዜሮ በታች 37 ዶላር ከ63 ሳንቲም ሆኖ ዋለ፤ ሻጩ ለሚወስድለት ሰው ይከፍል ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ፥ በኤፕሪል 22፥ የቺካጎው ሲኤምኢ የገበያ ድርጅት ለነዳጅ ኦፕሽኖቹ ማስያ ሲጠቀምበት የነበረውን ቀመር አንሥቶ በባሽልዬ ስሌት ተካው።